የምድጃው አፍ

ሐምሌ 4

ለምድጃው ያዘዝነው የብረት ሣጥን ዛሬ መጣ። ከወልድያ በአይሱዙ፣ በሸራ ተጠቅልሎ። ወንዶቹ እየተጯጯሁ አወረዱት። ልዑል አሳምሮ ነው የበየደው፤ ከታች ለእንጨት፣ ከላይ ለዳቦ በር አለው፣ የአመድ መሳቢያ አለው፣ ከኋላው ለጭሱ ቀዳዳ አለው። እንጨቱ በዚህ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ሲነድ ግማሹ ማገዶ ይበቃናል፤ ጭሱም በጭስ መውጫው ይወጣል እንጂ በእኔ ሳንባ አያልፍም። ክረምት በገባ ቁጥር ከውርጌሳ የሚመጣልን እንጨት እርጥብ ነው። እኔ እስላለሁ፣ ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሁሉ መድኃኒት ያዝልኛል።

ታዲያ ብረቱን ወደ ምድጃው አፍ ብናስጠጋው አልገባም። በጥቂት ቢሆን ደግ፤ በብዙ ነው።

ባለቤቴ ሞገስ ልዑልን በስልክ ጮኸበት። «የነገርኩህን አይደለም የሠራኸው!»

ልዑል የእህቱ ልጅ ነው፤ መልሶ አልጮኸም። «ጋሼ፣ ልኩን በመልእክት የላኩልኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው እዚህ አለ» አለው። ሞገስ ዘጋበት።

በኋላ መልእክቱን ከፍቼ አየሁት። ዳቦ የምንሸጥበት መስኮት ልክ ነው። መስኮቱንም ልንቀይረው አስበን ስለነበር ሁለቱንም ባንድ ቀን ለክቷል። ማንም ይምታታበታል።

ሐምሌ 6

ልዑል ብረቱን መልሱልኝና ልቁረጠው አለ። ሞገስ እምቢ አለ። «አፉን እናሰፋዋለን። የሠራሁት እኔ፣ የማፈርሰውም እኔ።»

እውነቱን ነው። ልጃችን ትንሳኤ ከመወለዷ በፊት ከወንዝ ድንጋይ እያመጣ በገዛ እጁ የሠራው ምድጃ ነው። የአፉን ቅስት ሲገጥም ምሳ አልበላ ብሎ ስለምነው የዋልኩበት ቀን ትናንት ይመስለኛል። መርሳ ውስጥ ከሱ የቆየ ዳቦ ቤት የለም።

ደስ ብሎት ዋለ። እኔም ደስ አለኝ። ሰሞኑን ዝም ብሎ ነበር።

ሐምሌ 9

ግንበኛው ሙስዐብ ከጎረቤት ከተማ፣ ከግራና መጣ። ጠጠር ያለ፣ ቶሎ የማይናገር ሰው ነው። በምድጃው አፍ አንገቱን አስገብቶ ብዙ ቆየ። በመዶሻ ጫፍ ድንጋዩን ኳ ኳ እያደረገ ሰማ። ሲወጣ ጢሙ ጥላሸት ሆኗል።

«አያ ሞገስ፣ ይሄ ቅስት የተሸከመውን ያውቁታል» አለ። «የፊቱን ግድግዳ፣ ከላይ ደግሞ ጭስ መውጫውን። ጭቃው ዝናብ ጠጥቷል። የመሐሉን ድንጋይ የነካ ሰው እላዩ ላይ ነው የሚያወርደው።»

«ታዲያ እንዴት ታደርገዋለህ?» አልኩ።

ሙስዐብ ሳይመልስ ሞገስ ቀደመው። መጀመሪያ እሳቱ ይጠፋና ድንጋዩ እስከ ውስጡ ይበርዳል። ጭስ መውጫው ይጠረጋል። ቅስቱ ከሥር በባሕር ዛፍ ቋሚዎች ይደገፋል። ከዚያ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ባንድ ጊዜ አይቦረቦርም፤ ከቅስቱ በላይ የፊቱ ግማሽ ብቻ ይከፈትና ተሸካሚ ብረት ይገባል፣ በሲሚንቶ ይጠቀጠቃል፣ እስኪጠነክር ይጠበቃል። ቀጥሎ የኋላው ግማሽ እንዲሁ። ሁለቱም ብረቶች ሸክሙን ከያዙ በኋላ ነው አሮጌው ቅስት የሚነሳው። ይህን ሁሉ ጣቱን በአየር ላይ እያዞረ፣ አንድ ቃል ሳይሳሳት ተናገረ።

ሙስዐብ ሳቀ። «እኔን ለምን ጠሩኝ ታዲያ?»

«ጉልበት ስለሌለኝ» አለ ሞገስ።

አያችሁ? ሞገስ ተለውጧል የሚል ሰው ዝም ብሎ ያወራል።

ሐምሌ 11

ሊጡ ጨው ሁለቴ ገብቶበታል። የጠዋቱ ዳቦ በሙሉ ለከብት ሆነ። ሞገስ አቡኪያችንን ኡበይደላን ተቆጣ። ኡበይደላ እኔን አየኝ፣ መሬት አየ፣ «ይቅርታ» አለ።

ኡበይደላ ጨው አይነካም። ጨው ሁልጊዜ የሞገስ ነው።

እንቅልፍ አጥቷል፣ ሌላ ምንም አይደለም። የብረቱ ነገር አሳስቦት ነው።

ሐምሌ 16

ሙስዐብ ለድጋፍ የመጡትን ቋሚዎች ሊያይ ብቅ ብሎ ነበር። ሞገስ በአክብሮት ተቀበለው፤ ወንበር ሰጠው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለኝ።

ሙስዐብ ጢሙን ተላጭቷል። እኔም ስገባ ወዲያው አልለየሁትም ነበር።

አይደለም፤ ለየሁት።

ሐምሌ 19

ሞገስ እንጨት ሊያይ በግራና መንገድ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። «ከብት መንገዱን ዘግቶት» አለ።

ትንሳኤ ከደሴ ደወለች። «እማ፣ አባ ዛሬ ደጋግሞ ደውሎ መቼ ነው የምትመጪው ይለኛል። ደህና ነው ግን?»

«አንድ ልጁ ነሽ፤ ናፍቀሽው ነዋ» አልኳት።

ነርስ ናት፤ አጠያየቋን አልወደድኩትም። «መንገድ ሰላም ሲሆን እመጣለሁ» አለች። አትቸኩይ አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኳት አላውቅም።

ሐምሌ 24

እሳቱ ጠፋ። ከተጋባን ወዲህ ከሐዘን ቀን በቀር ቀን ሙሉ ጠፍቶ አያውቅም። ቤቱ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። ድንጋዩን በመዳፌ ነካሁት፤ አሁንም ሙቀት አለው። ሙስዐብ እስከ ውስጡ ካልበረደ አልነካውም ብሏል፤ ትኩስ ድንጋይ በመሮ ሲመታ ይሰነጠቃል አለ።

ደንበኞቻችን አስፋልቱን ተሻግረው ከሌላ ቤት መግዛት ጀምረዋል። አልፈርድባቸውም። ሰው ዳቦ ሳይበላ አይኖርም።

ሐምሌ 29

ሙስዐብ ጭስ መውጫውን ጠረገ። ጥላሸቱ በጆንያ ወጣ። የወፍ ጎጆም ነበረ። ይሄ ሳይጠረግ አዲሱ እሳት ቢለኮስ የእሳቱ መርዝ ተመልሶ እኛን ነው የሚገድለን አለ፤ ሽታ እንኳ ሳይኖረው፣ እንቅልፍ እየመሰለ።

ኡበይደላ ከሙስዐብ ጋር ጥላሸቱን ሲያወጣ ሰማሁት። እኔ ከመስኮቱ ጀርባ መሆኔን አላወቀም። «አያ ሞገስ ዘንድሮ ሐሳብ በዝቶባቸዋል» አለ።

«ሐሳብ ነው?» አለ ሙስዐብ።

«አላህ ያውቃል። እሳቸው እኔን አባት ሆነው ነው ያኖሩኝ። እኔ ምንም አልልም።»

ወጥቼ ሥራችሁን ሥሩ አልኳቸው። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወፈረ። ኡበይደላ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ማታ ሲሄድ ይቅርታ ልለው ነበር። አላልኩትም።

ነሐሴ 6

የፊቱ ግማሽ ተከፈተ። ቋሚዎቹ ከሥር ቅስቱን ይዘውታል። ተሸካሚው ብረት ገባ፤ ሁለቱም ጫፉ ከግድግዳው ጥሩ አድርጎ ገብቷል። ሲሚንቶው ተጠቀጠቀ። አሁን መጠበቅ ነው።

ሙስዐብ ሲሄድ ሁላችንንም ሰብስቦ «ወላሂ፣ እኔ ሳልመለስ እነዚህን እንጨቶች ማንም እንዳይነካቸው» አለ። የኋላው ግማሽ የተንጠለጠለው በነሱ ብቻ ነው። ሞገስ ራሱን ነቀነቀ። «ለልጅ ነው የምትነግረን?» አለው።

ነሐሴ 11

ፊደሌ ዛሬ ተበላሽቷል።

ከምሳ በኋላ ሞገስ ጋደም አለ። ዝናቡ ከተራራው በኩል እየጠቆረ መጥቶ ቀኑን አጨለመው። መብራት የለም። እኔ ሱቁን እጠርጋለሁ። ከምድጃው ክፍል የእንጨት ድምፅ ሰማሁ። ኡበይደላ ነው ብዬ ነበር፤ ኡበይደላ ግን ዝናቡ ሳይመጣ ቤቱ ሄዷል።

ስገባ ሞገስ ሽርጡን ታጥቆ ምድጃው አፍ ላይ ቆሟል። አንዱን ቋሚ ነቅሎ መሬት ላይ አስተኝቶታል። ሁለተኛውን ከሥሩ በመዶሻ ይመታዋል።

«ማነው ማገዶ አፉ ላይ የገተረው?» አለ ሳያየኝ። «ሊነጋ ነው፣ እሳቱ አልተለኮሰ! ሰው በር ላይ ሊሰለፍ ነው!»

ከቅስቱ አፈር ይንጠባጠባል። ትከሻው ላይ ይወርዳል፤ እሱ ልብ አላለም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ብጮህ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ባለበት ደርቆ ይቀራል፤ የቆመው ደግሞ ከቅስቱ ሥር ነው። ልጎትተው ብል ይበረታብኛል።

«ሞገስ» አልኩት። ድምፄን እንደማንኛውም የሥራ ቀን አደረግሁት፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። «ሊጡ አልነሳልኝም። እስቲ ና እየው።»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። «እርሾው መቼ ገባ?»

«እኔ ምን አውቄ። አንተ እየው።»

«አይ አንቺ!» አለና መዶሻውን አስቀምጦ ተከተለኝ።

ማቡኪያው ባዶ ነው። እየተከተለኝ እንደሆነ ጀርባዬ ያውቃል። ዱቄት አፈሰስኩበት፣ ውሃ ደፋሁበት። ደርሶ አየና «ይሄማ ገና አልተቦካም» አለ። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ከተተ። ማቡካት ጀመረ። ክንዱ እንደ ድሮው ነው። እኔም እጄን አጠገቡ ከተትኩ።

ያን ጊዜ ከጀርባችን ቅስቱ ወረደ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ አቧራው በበሩ ገብቶ ሊጡ ላይ አረፈ።

«ምንድነው?» አለ።

«ነጎድጓድ ነው» አልኩት።

«ክረምቱ ከብዷል» አለና ማቡካቱን ቀጠለ።

ነሐሴ 12

ሙስዐብ መጣ። የኋላው የቅስት ግማሽና የምድጃው ከንፈር ወርዷል። የፊቱ ግድግዳና ጭስ መውጫው ግን ቆመዋል፤ የገባው ተሸካሚ ብረት ይዟቸዋል። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ደጋግሞ አለ። ሁለቱን ግማሽ ባንድ ጊዜ ከፍተነው ቢሆን ይህን የምጽፍበት እጅ አይኖረኝም ነበር።

ዝናቡ ነው የጣለው አልኩት።

ሙስዐብ ግድግዳው ሥር የተኛውን ቋሚ አየ። ጎንበስ ብሎ ጫፉ ላይ ያለውን የመዶሻ ምልክት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ዝናብ እንጨት ነቅሎ አያስተኛም፣ እትዬ ውባለም» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሞገስ እንዳይሰማ።

መልሴን አልጠበቀም፤ ድንጋይ ማንሳት ጀመረ።

ለትንሳኤ ደወልኩ። ግድግዳው ትንሽ ወረደ፣ ማንም አልተጎዳም አልኳት። እውነት ነው። ያልኳት ሁሉ እውነት ነው።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ በር ላይ ጨፈሩ። የምንሰጣቸው ሙልሙል ከሌላ ዳቦ ቤት የገዛሁት ነው። ሞገስ ባረካቸው፤ ምርቃቱን አልረሳም፣ አንድም አላዛነፈ። እየሰማሁት አለቀስኩ። ጭሱ ነው እንዳልል ጭስ የለም።

ነሐሴ 15

ይህን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ምድጃው ክፍል ገባ። ተከተልኩት። ፍርስራሹ ፊት ቆሟል። ዓይኑ የጠራ ነው፤ ሰሞኑን እንዲህ ጠርቶ አላየሁትም።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለኝ።

«ዝናቡ...»

«ውቤ። ይህን ምድጃ ድንጋይ በድንጋይ የሠራሁት እኔ ነኝ። ዝናብ እንዲህ አያፈርሰውም።»

የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «የዚያን ቀን፣ እንጨት ለማየት ሄድኩ ያልኩ ቀን፣ ከብት አልዘጋብኝም» አለ። «መንገዱ መገንጠያ ላይ ቆምኩ። የትኛው ወደ ቤት እንደሚወስድ ጠፋኝ። ተወልጄ ያደግሁበት አገር። ሰው መጠየቅ አፈርኩ። ምን ብዬ? የቤቴን መንገድ አሳዩኝ ልበል? እህል የጫኑ ሰዎች አህያ እየነዱ ሲያልፉ ወደ መርሳ ገበያ መሆን አለበት ብዬ ተከተልኳቸው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራኋ። አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እኔም ፈራሁ» አልኩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መፍራቴን ለራሴም አልነገርኩትም ነበር። ይህን ደብተር መልሼ ሳነበው እያንዳንዱን ነገር አይቼዋለሁ፤ እያየሁ ሰበብ ደርቤበታለሁ።

እጄን ያዘ። እጁ ሻካራ ነው፤ አሮጌ የእሳት ጠባሳ አለው። «እንግዲህ ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ብቻዬን እሳት አታስነኪኝ። ብቆጣም እንኳ። ደግሞም እቆጣለሁ።»

እሺ አልኩት። ከዚያ ለትንሳኤ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩ ላይ ስትተነፍስ ይሰማኛል። «አውቄ ነበር፣ እማ» አለች። «አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

ኡበይደላንም ይቅርታ አልኩት። «በምን?» አለኝ። በምን እንደሆነ ያውቃል።

ነሐሴ 22

ደሴ ደርሰን ተመለስን። ትንሳኤ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። ብዙ ጠየቀው፣ ሥዕል አሳለው፣ ቃላት አስይዞ መልሶ ጠየቀው። ሞገስ አላብቶት ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ የመርሳት ሕመም ነው አለ። የሚያዘገየው እንጂ የሚመልሰው መድኃኒት የለም አለ።

ትንሳኤ የኔን ጉልበት ይዛ ነበር። ሞገስ ሐኪሙን አየውና፣ «አገርዎ የት ነው?» ብሎ የጠየቀውን አስታወሰው። «መርሳ ነኝ ብዬህ የለ። የመርሳ ሰው ባይረሳ ነበር የሚገርመው» አለ።

ሐኪሙ መሳቅ ፈርቶ አፉን ያዘ። እኛ ግን ሳቅን። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ የሐኪሙ ነርስ በር ከፍታ አየችን።

ስንመለስ ውርጌሳ ላይ መኪናው ሲቆም ሻይ ጠጣን። ዝናቡ አባርቷል፤ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ። «ይሄን አልረሳም» አለ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ነሐሴ 28

ሙስዐብ የኋላውን ብረት አስገባ። ከአሮጌው ቅስት የቀረው ተነሳ። አፉ ሰፋ! ተሸካሚዎቹን እሳት እንዳያገኛቸው ፊታቸውን በሸክላ ጡብ ሸፈነ። ብረቱ ሣጥን ገባ፤ እግር ጫማ ውስጥ እንደሚገባ።

ሙስዐብ ዙሪያውን በሲሚንቶ ሊጠቀጥቅ ሲል ሞገስ ክንዱን ያዘው። «ተው፣ ክፍተት ተውለት። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ መሄጃ ካጣ ግድግዳውን ነው የሚሰነጥቀው። አመድና ሸክላ አፈር ሙላበት፤ እሱ ቦታ ይለቅለታል።»

«ኢንሻአላህ እንዳሉት» አለ ሙስዐብ፤ ሲሚንቶውንም ወደ ባልዲው መለሰ።

ከአፍታ በኋላ ሞገስ ወደኔ ዞሮ የግንበኛውን ስም ጠየቀኝ። ነገርኩት። በቃ፣ ነገርኩት። ከባድ አልነበረም።

ጳጉሜን 2

ትንሽ እሳት ብቻ። ጭራሮ። ግንቡ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ። እንፋሎት ከድንጋዩ ይወጣል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ። ወጥቼ አየሁት፤ ሰማያዊ፣ ቀጭን። አልሳልኩም።

ጳጉሜን 4

ትናንት ተቆጣኝ። ክብሪቱን ደብቀሽብኛል አለ። ደብቄበታለሁ። በር ዘግቶ ወጣ፤ ኡበይደላ ከሩቅ ተከተለው። ሲመለስ ብርቱካን ገዝቶልኛል። ለምን እንደተቆጣ ረስቶታል። እኔ ልርሳው ብዬ ገና እየሞከርኩ ነው።

መስከረም 3

ዓመቱን በዳቦ ጀመርነው። የመጀመሪያው ዙር አረረ። ጥፋቱ የኔ ነው። አዲሱ እሳት ከአሮጌው ይልቅ ቶሎ ይግላል። ሞገስ አልሳቀብኝም። ምድጃው ፊት ዱካ ላይ ተቀምጦ ያስተምረኛል፤ ትናንት ያስተማረኝን ዛሬም ያስተምረኛል፣ በዚያው ትዕግሥት። «ዳቦው የሚያርፍበት ላይ ዱቄት በተን አድርጊ። ነጭ ሆኖ ከቀረ አልደረሰም። ወዲያው ከጠቆረ አልፏል። እንደ ደረሰ ስንዴ ወርቅማ ሲሆን፣ ያን ጊዜ።»

ሁለተኛው ዙር ጥሩ ነበር። ኡበይደላ በመስኮቱ ሸጠው፤ ሰልፍ ነበር። ሙስዐብ ከግራና ሲመጣ ጎራ አለ፤ ትኩሱን ሰጠሁት። ብድግ አድርጎ ሥሩን አየ፣ ኳ ኳ አደረገው፣ እንደ ድንጋይ። «ጤነኛ ነው» አለ።

መስከረም 12

ሰፈሩ ለመስቀል ደመራ እንጨት እየለቀመ ነው። እኛም ሥራ በዝቶብናል።

ዛሬ ሞገስ እንደ ሁልጊዜው ዱካው ላይ ተቀምጧል። እሳቱን እኔ ለኮስኩ። ዱቄት በተንኩ። እሱም ጎንበስ ብሎ አየ። እጁን ወደ ምድጃው አፍ አስጠግቶ ሙቀቱን በመዳፉ ቀመሰ።

«አሁን» አለ።

ዱቄቱን አየሁት። በረዶ የመሰለ ነጭ ነው።

ኡበይደላ ሰሌዳውን ተሸክሞ ቆሟል፤ ዳቦው ተደርድሮበታል። ዱቄቱን አየ፣ እኔን አየ።

«እሺ» አልኩት ለሞገስ። የዳቦ ማስገቢያውን ረጅም እንጨት አነሳሁ። ጫፉ ላይ ሊጥ ደርቆበታል ብዬ አስቀመጥኩት፤ ቢላዋ ፈልጌ ፋቅኩት። ቀስ ብዬ ፋቅኩት። ከዚያ ሽርጤ ተፈታ፣ አሰርኩት። ኡበይደላ አንዱ ዳቦ ተጣሞብኛል ብሎ ማቃናት ጀመረ፤ ምንም የተጣመመ አልነበረም። ውጭ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ። ሞገስ ስለ ዝናቡ ማብቃት አወራ፣ እኔም መለስኩለት።

ዱቄቱ ወርቅማ ሆነ።

ዳቦውን አስገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ። ሽታው ክፍሉን ሲሞላ ሞገስ ጉልበቱን መታ አደረገ።

«አየሽ?» አለኝ። «ሁሉም ሰዓቱን ማወቅ ነው።»

«እውነትህን ነው» አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።